በመቃኑ ቀዳዳ የምትኖረው ተርብ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን፣ ረፋድ
ከወርክሾፑ

ውድ ልጄ፣ ቅንጣቴ፤

በፖስታው ላይ የእኔን የእጅ ጽሕፈት ስታዪ ልብሽ ስንጥቅ እንደሚል ስለማውቅ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ይሄን ልበልሽ፦ እናትሽ ደህና ናት። አሁን እዚህ በመስኮቱ በኩል ትታየኛለች፤ ልብስ እያሰጣች ከጎረቤት ጋር በሳቅ ትንከተከታለች። እኔም ደህና ነኝ። ጉልበቴ ደረጃ ሲያይ ትንሽ ያጉረመርማል እንጂ ሌላው አካላቴ እስካሁን ከእኔ ጋር ነው። ክፉ ነገር አልመጣም። የመጣው ደግ ነገር ነው፤ እጄ አልጽፍ ብሎ ያስቸገረኝም ደግ ስለሆነ ነው። መቼም እኔ እርሳስ የምይዘው እንጨት ላይ መስመር ለማስመር እንጂ ለደብዳቤ እንዳልሆነ ታውቂያለሽ።

ሰው አገር ከሄድሽ አራት ዓመት ሊሞላ ነው። እሑድ እሑድ ትደውያለሽ፤ ከእናትሽ ጋር ታወሪያለሽ። መጨረሻ ላይ «አባባስ ደህና ነው?» ስትዪ እኔ ከወንበሬ ላይ ሆኜ «ደህና ነኝ በያት» እላለሁ። እንዲህ በሰው አፍ ደህና ነኝ ስንባባል ኖርን። ባለፈው ሰሞን ነገሩ ሁሉ ሲሰምር እናትሽን «በይ እሑድ ስትደውል ንገሪያት» ብላት፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችኝ።

«እኔ ያንተ የስልክ ሽቦ አይደለሁም። በአፍህ ያበላሸኸውን በእጅህ አቅና!»

ይኸውና ሁለት እሑድ ሙሉ አፏን ይዛ ዝም ብላሻለች። የእናትሽን አፍ ስለምታውቂው ምን ያህል እንዳሳከካት ገምቺ።

እንግዲህ ልንገርሽ። ልክ ነበርሽ።

ተርቧ አዲስ ናት። ማንም ከዚህ በፊት ለይቶ ያልጻፋት፣ በየትኛውም መጽሐፍ ስም ያልወጣላት ዝርያ ናት። ይሄን የምልሽ እኔ አይደለሁም። ዕድሜ ልካቸውን ተርብ ብቻ ሲመረምሩ የኖሩ ሦስት ሰዎች፣ ሦስቱም በተለያየ አገር ሆነው፣ ናሙናዎቹን አይተው አዲስ ናት ብለዋል። የመጨረሻው መልስ የመጣ ቀን ወረቀቱን ለሚችል ሰው ሰጥቼ አራት ጊዜ አስነበብኩት፤ አንድም ቃል አልተለወጠም። እፎይ ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

አሁን ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ።

የካቲት መግቢያ ላይ አንድ ቀን ጠዋት የግቢው በር ተንኳኳ። ስከፍት አንዲት ቀጭን ሴት፣ መነጽሯ ከፊቷ የሚሰፋ፣ የካርቶን ሳጥን ደረቷ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። በዩኒቨርሲቲው የነፍሳት ክፍል አዲሷ ኃላፊ መሆኗን ነገረችኝ። ክፍሉን ስትረከብ ቁም ሳጥኖቹን ስታራግፍ፣ ከታችኛው መደርደሪያ ጀርባ ወድቆ ተማሪ ሳለሽ ያስቀመጥሽውን ሳጥን አገኘችው። ክዳኑን ባንኮዬ ላይ ስትከፍተው ጽሕፈትሽን ከሩቅ ለየሁት። አራት ተርቦች፣ እያንዳንዳቸው ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ፣ በትንንሽ የካርቶን ጫፍ ላይ በሙጫ ተጣብቀው በስፒል ቆመዋል። ከሥራቸው ያለውን ወረቀት መነጽሯን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ።

«‹የአባቴ ወርክሾፕ፣ የበሩ የግራ መቃን፣ ከወለሉ አንድ ሜትር ከሃያ።› አባባ፣ ይቺ ልጅ የቀዳዳውን ከፍታ ሳይቀር ለክታለች! በምን ለካችው?»

«በእኔው ሜትር» አልኳት። «ወስዳ አትመልስም ነበር።»

ሳቀች። ከዚያ ደግሞ ፊቷ ረጋ አለና ነገሩን አስረዳችኝ። ካራቱ ሦስቱ ወንድ ናቸው፤ ሴቷ አንድ ብቻ ናት። የእሷንም ጭንቅላት ናሙና የሚበላ ትል ጨርሶታል። ሳጥኑ ውስጥ ከደብተርሽ ጋር ባለው ሥዕልሽ ላይ በሴቷ ሁለት አንቴናዎች መካከል አንዲት ትንሽ ጉብታ አለች፤ መምህርሽ ግን በቀይ እስክሪብቶ «በአንዲት ናሙና ላይ የታየ የአካል ጉድለት፤ ዝርያዋ የታወቀ ነው» ብሎ ጽፎበታል። ኃላፊዋ የወንዶቹን ክንፍና እግር ለክታ ያንቺን ነገር አምናለች። ግን እምነት ብቻውን አይበቃም። ጭንቅላታቸው ያልተነካ ሴቶች፣ አንድም ሁለትም ሳይሆን ብዙ፣ ያስፈልጋሉ።

«እንግዲህ መቃኑን ያሳዩኝ» አለችኝ።

ክው አልኩ።

አሁን የምነግርሽን እናትሽም እስከዚያ ቀን ድረስ አታውቅም ነበር። ያን የእራት ሰዓት ታስታውሻለሽ፤ እንዴት ትረሺዋለሽ። ያ ቀይ የተጻፈበትን ወረቀት ይዘሽ መጣሽ። ዓይንሽ አብጦ ነበር። «አባባ፣ ልክ ነኝ እኮ፤ በዓይኔ ነው ያየሁት» አልሽኝ። እኔ ከአምስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው፣ መምህር ሲባል ኮፍያዬን የማወልቅ ሰው፣ ምን አልኩሽ? «እሱ ሠላሳ ዓመት ተምሮ ያላወቀውን አንቺ በሁለት ዓመት አወቅሽው? ለዝንብ ብለሽ ከትልቅ ሰው አትጣዪ።» ማንኪያሽን ቀስ ብለሽ አስቀመጥሽ። «ዝንብ አይደለችም» ብቻ አልሽ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባል የለ፤ ቃሌ ተንከባሎ ሄደ፣ አንቺም በሁለተኛው ወር ሄድሽ።

አንቺን ሸኝተን በተመለስን ማግስት ወርክሾፑን ስከፍት ያቺ ትንሽ ጥቁር ነገር መቃኑ ላይ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ክሽክሽ የሚሉትን አረንጓዴ የቅጠል ተባይ በአፏ ይዛ ወደ ቀዳዳዋ ትገባለች፤ እንደገና ትወጣለች። ምንም እንዳልሆነ! ልጄን ያሳጣችኝ እሷ መሰለችኝ። በራሴ መናደዱን አልደፈርኩም መሰለኝ በእሷ ተናደድኩ። ስቱኮ በጠበጥኩና ነቀዝ የበሳውን እያንዳንዱን ቀዳዳ ደፈንኩት። አርባ ሦስት ነበሩ። ከላዩ ቫርኒሽ ደረብኩበት። ያማረ ሥራ ነበር፤ ሰው ቢያየው አዲስ እንጨት ይለው ነበር። እኔ ግን በዚያ በር በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ዓይኔ እዚያው ያርፋል። በዓመቱ መቃኑን ነቅዬ በሌላ ተካሁት፤ አሮጌውን ለልብስ ሰፊዋ ሰጠኋት።

ይሄን ሁሉ ለኃላፊዋ ነገርኳት? አልነገርኳትም። «ተቀይሯል፤ የት እንደገባ እንጃ» አልኳት። በስተርጅና መዋሸት እንዴት ያስጠላል መሰለሽ። ሳጥኗን ዘጋች፤ «አመሰግናለሁ አባባ፣ ስላስቸገርኩ ይቅርታ» ብላ ወደ በሩ ሄደች። ይሄን ጊዜ እናትሽ ከጓዳ ብቅ አለች፤ ሁሉንም ስትሰማ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ መቃኑን ለልብስ ሰፊዋ ሰጥተሃት የለም እንዴ?»

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሁለቱም ቆመው ያዩኛል። ስቱኮውንም፣ ቫርኒሹንም፣ አርባ ሦስቱንም ተናዘዝኩ። እናትሽ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ኃላፊዋ ግን መነጽሯን በሸሚዟ ጫፍ ጠረገችና፣

«እውነቴን ልንገርዎት፤ ያኔ ውስጥ የነበሩት ሞተዋል» አለችኝ። «ግን አንድ መቃን ዘር አያጠፋም አባባ። ሌላም ቤት ይኖራቸዋል። እስቲ ልብስ ሰፊዋ ጋ እንሂድ።»

ልብስ ሰፊዋን አልረሳሻትም መቼም፤ ያቺ መርፌ በጥርሷ ነክሳ የምታወራው። ጓሮዋ ገባን። መቃናችንን ለሁለት ቆርጣ የዶሮ ቤቷ ምሰሶ አድርጋዋለች። ገና ስንጠጋ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሸተተኝ። የቀኙ ምሰሶ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ሆኖ ይንጠባጠባል።

«ምስጥ ገብቶብኝ ነው» አለች። «ቅዳሜ ስቀባ ዘይቱ አለቀብኝ። የግራውን ዛሬ ከሰዓት ልጨርሰው ነበር። ይኸው አስመጥቻለሁ።» ጣሳው በሩ ሥር ተቀምጧል።

ከሰዓት ነው ያለችው ልጄ። እኛ የደረስነው አራት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

ኃላፊዋ በዚያ ነጭ ሸሚዟ የዶሮ ኩስ ላይ በጉልበቷ ተንበረከከች። የግራው ምሰሶ ሦስት ዓመት ፀሐይና ዝናብ ተፈራርቆበት ቫርኒሼ ተልጧል፤ ስቱኮዬም አብዛኛው ረግፏል። በሕይወቴ ሥራዬ ተበላሽቶ ደስ ሲለኝ ያ የመጀመሪያው ነው። አንዳንዶቹ ቀዳዳዎች አፍ ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር አየሁ። በጥፍሬ ነካ አደረግኩት፤ የዛፍ ሙጫ ነው። ያን እንኳ ሳይነግሩኝ አወቅኩት፤ አርባ ዓመት ከሙጫ ጋር ኖሬያለሁ።

«ደፍናዋለች» አለች ኃላፊዋ በሹክሹክታ። «ልጆቿ ውስጥ ተኝተዋል። ግን እንደዚህ በሙጫ የምትደፍን ሌላ የታወቀች ተርብም አለች። የማን ልጆች እንደሆኑ እስኪወጡ አናውቅም፤ ይሄን ምሰሶ መውሰድ አለብን።»

«እና ዶሮዎቼ ሜዳ ላይ ሊያድሩ ነው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

በማግስቱ አዲስ ምሰሶ አቆምኩላትና አሮጌውን ለመቁረጥ ተቀመጥኩ። መዶሻ አይነካውም፤ ንዝረቱ እንጨቱ ውስጥ ያሉትን ሊጎዳቸው ይችላል። ያቺን ጥርሰ ደቃቅ መጋዜን ይዤ አንድ ክንድ የምታህል ቁራጭ ለማውጣት አንድ ሰዓት ፈጀሁ። ለሙሽራ አልጋ እንኳ እንደዚያ ተጠንቅቄ አላውቅም። ልብስ ሰፊዋ ምሰሶውን በሁለት እጇ ደግፋ፣ መርፌዋን ነክሳ፣ «ወርቅ አለበት መሰለኝ የደበቃችሁኝ» እያለች ታጉተመትማለች።

ቁራጩ ከወንፊት በሠራሁለት ሳጥን ውስጥ እዚሁ ወርክሾፕ ተቀመጠ፤ የለመደውን አየር እንዳያጣ ኃላፊዋ ይሻላል አለች። ማጉያ መነጽርና ደብተር ሰጠችኝ። ጠዋት ጠዋት እያየሁ እንድጽፍ። «ምንም አልወጣም» ብዬ የጻፍኩበት ገጽ ብዛቱ! በኤሌክትሪክ መላጊያው መሥራት አቆምኩ፤ ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል። አንድ ደንበኛ ቁም ሳጥኑ ለምን እንደዘገየ ሲጠይቀኝ «ተርብ እየጠበቅኩ ነው» ብዬ እውነቱን ነገርኩት። እስከ ማታ ሰፈሩ ሁሉ አናጺው ለየለት ሲል ዋለ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ መውጣት ጀመሩ። በአራት ቀን ውስጥ አምስት። እየዘለልኩ ደወልኩላት። መጥታ አየቻቸው፤ አምስቱም ወንዶች። «ወንዶቹ ይቀድማሉ፤ እንዲህ ነው ልማዳቸው። ሴቶቹ ከኋላ ናቸው» አለችኝ። ወንዶቹ ካንቺ ወንዶች ጋር አንድ ዓይነት ስለሆኑ ግማሽ ልቧ አረፈ። የኔም።

በስምንተኛው ቀን ደግሞ ሌላ ነገር ወጣ። አረንጓዴና ሰማያዊ የሚያብረቀርቅ፣ የጆሮ ጌጥ የመሰለ። እንዲህ ያለ ውበት ከዶሮ ቤት እንጨት ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። «ይሄማ ንግሥቲቱ ናት!» ብዬ ደወልኩ። ምን እንደሚመስል ስነግራት ድምፅዋ ወረደ።

«አባባ፣ እሷ ሌላ ናት። ሰው ቤት ገብታ እንቁላሏን የምትጥል ናት። የሷ ልጅ የቤቱን ባለቤት ልጅ በልታ ነው የምታድገው።»

«ስንቱን ትበላለች?»

«አንዷ አንዱን። ግን ስንት እንደገቡ አናውቅም።»

ሦስት ወጡ። ከዚያ ምንም። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ዘጠኝ ቀን። ቀዳዳዎቹ ላይ ያለው ሙጫ ዓይኑን አፍጥጦ ያየኛል። ወሽመጤ ተቆረጠ። እናትሽ ምሳ ስታቀርብልኝ «ብላ፤ ተርብም በልታ ነው የምትወጣው» ትለኛለች፤ እኔ ግን ውስጤ አንድ ነገር ብቻ ይመላለሳል። እኔ ባልደፍናቸው ኖሮ የተረፉት ብዙ ይሆኑ ነበር። አንድ ጊዜ በቃሌ፣ አንድ ጊዜ በስቱኮ፣ ልጄን ሁለት ጊዜ ከለከልኳት።

በአሥረኛው ቀን፣ ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው፣ እንደ ልማዴ ማጉያውን ይዤ ጎንበስ ስል ከታች ሁለተኛው ቀዳዳ ላይ ሙጫው ተነቃነቀ። ዓይኔ ነው ብዬ ጠረግኩት። እንደገና ተነቃነቀ። ከውስጥ እየታኘከ ነው። ብናኙ ይረግፋል፤ ትንሽ ቆይቶ አንዲት ጥቁር ራስ ብቅ አለች። ቸኮለች መሰለሽ? አልቸኮለችም። አፉ ላይ ተቀምጣ በፊት እግሮቿ ፊቷን ታጠበች፣ አንቴናዎቿን አንድ በአንድ ሳበቻቸው፣ እንደ ሰው ልጅ ዓለምን ዞር ብላ አየች። ከዚያ ወጣች። ከወንዶቹ ወፈር ትላለች። ኃላፊዋ ባሳየችኝ መሠረት በብልቃጥ ጋረድኳት፣ ወደ ብርሃን ወስጄ ማጉያውን አቀረብኩ።

ጉብታዋ አለች።

ምንም አታክል፤ በስፒል ጫፍ የነኳት ያህል ናት። ግን አለች። በሁለቱ አንቴናዎች መካከል፣ ልክ ሥዕልሽ ላይ ባስቀመጥሻት ቦታ። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ስልኩን አንሥቼ ደወልኩ። ኃላፊዋ ፈተና እያስፈተነች ኖሯል፤ በሹክሹክታ ነው ያነሣችው።

«አባባ? አለች?»

«አለች።»

ስልኩ ተዘጋ። ኋላ እንደነገረችኝ ኮሪደሩ ላይ ወጥታ እንደ ልጅ ዘላለች። እኔ ዘንድ ደግሞ እናትሽ ገብታ ፊቴን ስታይ «ምነው?» አለችኝ። ሰጋቱራ ዓይኔ ገብቶ ነው አልኳት። «እውነትህን ነው፤ ዛሬ ሰጋቱራው በዝቷል» አለችኝ። መጋዝ ከነካሁ ግን ሳምንቴ ነበር።

በሚቀጥሉት ቀናት አምስት ሴቶች ተከታትለው ወጡ። ስድስቱም ላይ ጉብታዋ አለች። የአካል ጉድለት ቢሆን ስድስቱም ላይ ምን ይሠራል? ሁሉም ወጥተው ሲያልቁ ቁራጩን በመሮ በስንጥቁ ሄጄ ለሁለት ከፈልኩት። ውስጡን ብታዪው! ከቀዳዳው አፍ እስከ ጥልቁ ድረስ ክፍል ክፍል ነው፤ በክፍሉና በክፍሉ መካከል የሙጫ ግድግዳ አለ፤ የማንኛውም ግድግዳ ውፍረት ከሌላው አይለይም። ያለ ሜትር! ብቻዋን ነው የምትሠራው፤ ንብ እንኳ ስንት ረዳት አላት። ያንቺ ደብተር ላይ «ክሽክሽ ትሰበስባለች፣ በሙጫ ትዘጋለች» ብለሽ ከነሰዓቱ ጽፈሽው የለ፤ ኃላፊዋ ስለ ተርቧ በምታሳትመው ጽሑፍ ውስጥ ቃል በቃል አስገብታዋለች።

መምህርሽ ጡረታ ወጥቷል። የተከፈለውን እንጨት ላደርስ ነፍሳት ክፍል የሄድኩ ቀን ኃላፊዋ ጠርታው ኖሮ እዚያው ተገናኘን። በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ልጮህበት አስቤ ነበር፤ ከየካቲት ጀምሮ የምለውን ሳዘጋጅ ነው የከረምኩት። ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቶ ረጅም ጊዜ ቆየ። ስድስቱንም አየ። ቀና ሲል ዓይኑ ዙሪያ የማይክሮስኮፑ ቀለበት ምልክት ቀርቶ ነበር።

«ልክ ነበረች» አለ። ከዚያ ለኃላፊዋ፣ «የልጅቷ ስም መቅደም አለበት» አላት።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ እዚያ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቁጣዬን ብፈልገው የለም። እሱ ያላመነው አንድ ወረቀት ነው። እኔ ያላመንኩት ግን አሥር ዓመት ሳይሞላት ጀምሮ አንድም ቀን ዋሽታኝ የማታውቅ ልጄን ነው። ይሄን ሳስብ ነው የሱ ምርኩዝ ያሳዘነኝ።

«ልጅዎ ናት?» አለኝ።

«አዎ።»

«ይቅርታዬን ይንገሩልኛል?»

«እሱን እርስዎ ራስዎ ይጻፉላት» አልኩት። «እኔ የራሴ አለኝ።»

ጻፈልሽ። እዚህ ፖስታ ውስጥ ለብቻው ታሽጎ አለ፤ አልከፈትኩትም። ስትፈልጊ አንብቢው፣ ካልፈለግሽም ተዪው። እኔ የማልተወው ግን የራሴን ነው፦ ልጄ፣ ያን ቀን አጥፍቻለሁ። የማላውቀውን ነገር እንደማውቅ ሆኜ ነው የተናገርኩት። ይቅር በዪኝ። ይሄን መስመር ጽፌ ትንሽ ውጭ ወጥቼ ተናፍሼ ተመለስኩ። አሁን ቀለለኝ።

ወደ ቁም ነገሩ። ኃላፊዋ ሁሉንም በኢሜይል ልትልክልሽ ትችል ነበር፤ መጀመሪያ እኔ ልንገራት ብዬ ለምኛት ነው የታገሠችኝ። ጽሑፉ አብሮ አለ። ከፊት ያለው ስም ያንቺ ነው፤ የሷ ተከታይ ነው። ሥዕሎቹ ሁሉ ያንቺ ናቸው፤ አንድም አልተለወጠም። ሦስተኛው ገጽ ላይ ትፈርሚና እስከ ሰኔ መጨረሻ ትመልሻለሽ። አንድ ነገር ብቻ ባዶ ነው፤ የተርቧ ስም። ሕጉ በላቲን ይሁን ይላል። ጸሐፊዋ በራሷ ስም መሰየም ነውር ነው አሉ፤ ስለዚህ ያንቺ ስም አይሆንም። ኃላፊዋ «አናጺ» የሚል ትርጉም ያለው ቃል አቅርባ ነበር። እኔ እምቢ ብያለሁ፤ ቤታቸውን የደፈነ ሰው በስማቸው ላይ አይቀመጥም። እናትሽ ደግሞ «ግትር» የሚል በላቲን ካለ እሱ ይሁን ትላለች። ማንን አስባ እንደሆነ አልጠየቅኳትም፤ ቤታችን ውስጥ እጩው ብዙ ነው። አንቺ ምረጪ። የመረጥሽው ልክ ነው።

ኃላፊዋ ክፍሉ ውስጥ የምትረዳኝ ሰው እፈልጋለሁ ብላለች። ይሄን የምነግርሽ እንዲሁ ለወሬ ያህል ነው። አንቺ እዚያ በመጋዘኑ ሥራሽ አለቃሽ እንደሚያከብርሽ እናትሽ ነግራኛለች፤ ደስ ብሎኛል። ብርዱ እንዴት ነው? ካልሲ ደርቢ። እቃ ስታነሺ ከወገብሽ ሳይሆን ከጉልበትሽ ተነሺ፤ ይሄን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ሌላ አዲስ ነገር የለም። የክፍልሽን በር ቀይሬዋለሁ። የድሮው ሲከፈት ይጮህ ነበር፤ አዲሱ አይጮህም። ለሌላ ነገር አይደለም፤ እንጨት ስለተረፈኝ ነው።

ዓይንሽ ያየውን የሚያምንልሽ ሰው አያሳጣሽ። የዘረጋሽው እጅ ባዶውን አይመለስ። በሄድሽበት መንገድ ሁሉ እግርሽ ድንጋይ አይምታው፤ ጥሎ የማይጥለው ፈጣሪ ከፊትሽ ይቅደም፤ ከኋላሽ ይከተል። አሜን በዪ።

በብዙ ናፍቆት፣
አባትሽ

ከታች ይሄን የጻፍኩት እናትሽ ነኝ፤ ወጥቶ ሳለ ነው። እንጨት አልተረፈውም። ሁለት አውቶቡስ ቀያይሮ ሄዶ፣ ቀኑን ሙሉ ሲመርጥ ውሎ፣ በትከሻው ተሸክሞ ነው ያመጣው።